ለታደለች ሳልተረጉምላት የቀረሁት ጥያቄ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጉም ቁልቁል ሲወርድ አልጋዬ ላይ ሆኜ በመስኮት አየዋለሁ። መጀመሪያ ባሕር ዛፎቹን ይውጣል፣ ከዚያ የጎረቤቴን ቆርቆሮ፣ ከዚያ የኔን እንሰት። እኔም ከእንቅልፍና ከንቃት መሐል ተንሳፍፌ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያገላበጥኳቸው መዝገቦች ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ሲወጡ አያለሁ። ሚስቴ "ተነሥ እንጂ፤ ቢሮ የሚረፍድብህ ይመስል ዓይንህን ጨፍነህ ትጣደፋለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። በሥራ ዘመኔ ቢሮ ተቀምጬ ቤቴን አልም ነበር፤ አሁን ቤቴ ተኝቼ ቢሮውን አልማለሁ። የትም ቦታ በሰዓቱ ተገኝቼ አላውቅም ማለት ነው።

የጡረታ ቅጹ ላይ "የሥራ ዓይነት" የሚል አንድ መስመር አለ። "የፍርድ ቤት ጸሐፊና አስተርጓሚ" ብዬ ሞላሁ። ቅጹን የምትቀበለው ልጅ "የየትኛው ፍርድ ቤት ጋሼ ዳና?" አለችኝ።

"የሸሪዓው።"

ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ? እሁድ እሁድ ከኛ ጋር የሚዘምሩት?"

"እኔው ነኝ። ድምፄን ለሚያውቅ ሰው የሚገርመው መዘምራኑ መሐል መቆሜ ነው እንጂ ሌላውስ አይገርምም" አልኳት።

ሥራ የጀመርኩት ቤሌ ነው፤ ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ዞንና ወረዳ ሲያደራጅ። የመጀመሪያው አለቃዬ ስርዝ የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። አንድ ቃል ከሰረዝኩ ገጹን ሙሉ እንደገና ያስጽፉኛል። እኔም ስርዝ እንዳይበዛ ብዬ የሰው ቃል ማሳጠር ጀመርኩ። ባለጉዳዩ ግማሽ ሰዓት ሲናገር በሦስት መስመር እከትተዋለሁ። አለቃዬ "ብልህ ጸሐፊ" አሉኝ። በሕይወቴ የሰማሁት ትልቁ ሙገሳ እሱ ነው፤ ያበላሸኝም እሱ ነው።

ከቤሌ ወደ ሃላሌ ተዛወርኩ። ሃላሌ ጸጥ ያለች ናት። ከጸጥታዋ ብዛት ማህተሜን "እንደምን አደርክ" ማለት ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን የመለሰልኝ ስለመሰለኝ ዝውውር ጠየቅኩ። ሶዶ በሸሪዓ ችሎት ወላይትኛና አማርኛ የሚችል፣ ጽሕፈቱ የሚነበብ ጸሐፊ ተፈለገ። ከቤተ ክርስቲያን ወዳጆቼ ማንም አላመለከተም። እኔ ግን ከሃላሌ ለመውጣት ስል ጅቦች ችሎት ቢያቆሙም አመለክት ነበር።

ችሎቱ አንዲት ክፍል ናት። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩት ትተውት የሄዱ፣ ዳሩ የተቀደደ የትምህርት ቤት ካርታ። ቃዲው ሼህ ከድር ይባላሉ። አባታቸው ከስልጤ ደጋ መጥተው ሶዶ ገበያ ጨውና ላምባ ይሸጡ የነበሩ ናቸው። ሼሁ ራሳቸው ልጅ ሆነው ከባንኮኒው ኋላ ነው ያደጉት፤ ወላይትኛም ያውቃሉ፣ ግን የገበያ ወላይትኛ ነው፤ ከ"ስንት ነው" እና ከ"ቀንሺ" አያልፍም። ኋላ ለትምህርት ወሎ ሄዱ፤ ከወሎ ካርቱም፣ ከካርቱም የመን። ሲመለሱ ከመጽሐፍ በስተቀር ምንም ይዘው አልመጡም። እናታቸው ሻንጣውን ከፍተው አለቀሱ ይባላል።

የሥራ ልማዳቸውን አሁንም ጉሙ ውስጥ አያለሁ። ችሎት ሲከፈት ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፤ ባለጉዳይ ሰዓት ሲያዩ እንዳያያቸው። ሴት ባለጉዳይ ሳትቀመጥ አይቀመጡም። ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ ተናግሮ ሲጨርስ ደግሞ ዝም ብለው ይጠብቁታል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰውየው ይቁነጠነጥና ያላሰበውን ይናገራል። እኔ የምጽፈው የመጀመሪያውን ነበር፤ እሳቸው የሚፈርዱት በሁለተኛው ነው።

አብዛኛው መዝገብ ፍቺና ሐዳና ነበር። ሐዳና ማለት ልጅን የማሳደግ መብት ነው። ሼሁ ልጅ ሲቀርብላቸው "እናትህን ነው አባትህን የምትወደው?" ብለው ጠይቀው አያውቁም። "ይህ ጥያቄ ዱላ ነው" ይላሉ። ወላጆቹን ያስወጡና ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ "እናንተ ቤት ጨው የት ነው የሚቀመጠው? ጥፍርህን ማን ይቆርጥልሃል? ስታስል ማን ይነቃል?" ይላሉ። ልጁ ሲመልስ ማን እንደሚያሳድገው ይታወቃል።

ሥራ ሲጎድል ወደ ካርታው ይሄዳሉ። ሥራ ደግሞ ይጎድል ነበር።

"ና ጸሐፊ" ይሉኛል። ጣታቸውን ያሳርፋሉ። "በኛ መጽሐፍ ልጅ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት ክፉና ደጉን ከለየ ይመርጣል። ጂዳ ብትሄድ ሰባት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ለአባቷ ናት። ካርቱም እስከ ዘጠኝ ከእናቷ ጋር ነች። ዓባይን ተከትለህ ሚስር ብትወርድ እስከ ዐሥራ ሁለት። ወደ ምዕራብ፣ ወደ መግሪብ ብትዘልቅ የድሮዎቹ ሊቃውንት እስክታገባ ከእናቷ አትለይ ይላሉ።"

"አንዲት ልጅ ናት ሼህ?"

"አንዲት ልጅ ናት።"

"አንድ ቁርኣን ነው?"

"አንድ ነው። አንባቢው ነው የበዛው።"

እኔ ማታ በሕልሜ ያቺን ልጅ አያታለሁ። በካርታው ላይ በእግሯ ትሄዳለች። ድንበር ስትሻገር እጇን የያዛት ሰው ይቀየራል፤ እዚህ እናቷ፣ ቀይ ባሕርን ስትሻገር አባቷ፣ በረሃውን ስታልፍ እንደገና እናቷ። እሷ ግን አትቆምም። እኔ ከኋላዋ መዝገብ ይዤ እሮጣለሁ፣ አልደርስባትም። በሕልሜም ቢሆን ሆዴ ቀድሞኝ ነው የሚሮጠው።

ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ብዙ ዞርኩ።

ያን ጊዜ አንድ ወሬ ተነሣ። የኛ ችሎት መዝገብ ጥቂት ስለሆነ ይታጠፋል፣ ጸሐፊውም ወደ መጣበት ይመለሳል ተባለ። ሃላሌ! ማህተሙ ታወሰኝ። የሸሪዓ ችሎት ደግሞ ሁለቱም ወገን በገዛ ፈቃዱ ካልተስማማ አንድም ጉዳይ ማየት አይችልም። አንዱ "አልፈልግም" ካለ መዝገቡ ይዘጋል፤ ጉዳዩ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ እኔ እንደ አውቶቡስ ተራ ወያላ ሆንኩ። በር ላይ ቆሜ "እዚህ ቶሎ ያልቃል፣ እዚያ ዓመት ይፈጃል" እያልኩ እጣራለሁ። "ሐዋሳ፣ ሐዋሳ" ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። ውሸትም አልነበረም። የኛ ችሎት ፈጣን ነው፣ ቃዲው ሩኅሩኅ ናቸው። በችሎቴ እኮራ ነበር። ኩራቴ ነው ፍርሃቴን ልብስ ያለበሰው።

በዚህ መሐል ሙዘሚል የሚባል ጅምላ ነጋዴ አቤቱታ ይዞ መጣ። ታደለች የምትባል የሁምቦ ልጅ በኒካ አግብቶ ሰሚራ የምትባል ሴት ልጅ ወልደው ተፋትተዋል። ልጅቷ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ከእናቷ ጋር ሁምቦ ትኖራለች። ታደለች ሌላ ባል አግብታለች። ሙዘሚል ልጁን ይፈልጋል። ካርቱም የምትኖር፣ ልጅ ያልወለደች እህት አለችው፤ ወስዳ ልታስተምራት ትፈልጋለች።

አቤቱታውን አንብቤ መዘገብኩ። በሼሁ መጽሐፍ ለልጁ ዘመድ ያልሆነ ባል ያገባች እናት ሐዳናዋን እንደምታጣ ከሳቸው ጋር በሠራሁበት ሰባት ዓመት ሰምቻለሁ። ከእናት ቀጥሎ መብቱ የእናት እናት ነው፤ የታደለች እናት ደግሞ ሞታለች። ማዶ ባለው ፍርድ ቤት ግን ማግባቷ ብቻውን እንደማይጥላት አውቃለሁ። ሁሉን አውቃለሁ። ብቻ "ሼሁ መላ አያጡም" አልኩ። ያስታረቁትን፣ ያግባቡትን ሰው ብዛት አይቼ ሰውየው ተአምር ይሠራሉ ብዬ ነበር።

ታደለች ቀይ ሻርፕ አድርጋ መጣች። አማርኛዋ የገበያ ነው። ሼሁ ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተው፣ እሷ እስክትቀመጥ ቆመው፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"ንገራት" አሉ። "ይህ የሸሪዓ ችሎት ነው በላት። ካልፈለገች መደበኛው ፍርድ ቤት ማዶ አለ፤ ወደዚያ ብትሄድ ማንም አይቀየማትም። እዚህ ከተስማማች ግን ኋላ ሐሳቧን ቀይራ ወደዚያ መሄድ የለም። ይህን አውቃ፣ በገዛ ፈቃዷ ተስማምታለች ወይ? ብለህ ጠይቃት።"

እኔ በወላይትኛ፣ "ጉዳይሽ እዚህ ይታይልሻል፤ እሺ በይ" አልኳት።

"እሺ" አለች።

ሼሁ አዩኝ። "ጸሐፊ።"

"አቤት ሼህ።"

"የኔ ጥያቄ ከዚህ እስከ ገበያው ነበር። ያንተ እስከ በሩም አልደረሰ።"

"ወላይትኛ አጭር ቋንቋ ነው ሼህ" አልኩ።

ሙዘሚል ሳቀ። ታደለችም ሰው ሲስቅ አይታ ፈገግ አለች። ሼሁ አልሳቁም። ለባለጉዳይ የሚጠብቁትን ያን ዝምታ ጠበቁኝ። መቁነጥነጤን አስታውሳለሁ። ብዕሬን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። በዝምታው ውስጥ ሁለተኛውን ቃሌን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። የስምምነቱን ቅጽ አወጣሁና አውራ ጣቷን ይዤ ቀለም አስነካኋት። እንሰት ሲፍቅ የኖረ፣ ሻካራ ጣት ነው። "ጫን አድርጊው" አልኳት። ይህንንስ አላሳጠርኩም።

በቀጣዩ ቀጠሮ ልጅቷ መጣች። ሼሁ ወላጆቿን አስወጥተው አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ጨው የት ነው የሚቀመጠው ሰሚራ?"

"ከበሩ በስተግራ፣ ቅል ውስጥ። ዶሮ እንዳይደፋው ድንጋይ ተደግፎ።"

"ጥፍርሽን ማን ይቆርጥልሻል?"

"እናቴ። እንጀራ አባቴ ፋኖስ ይይዝላታል።"

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። እናትየው ከነመብቷ ብትሆን ኖሮ ይህ መልስ ፍርድ ነበር። መብቷ ከወደቀ ግን ልጅቷ የምትመርጠው ነገር የለም። ለሳምንት ቀጠሩት።

በሳምንቱ ውስጥ ከካርታው ፊት አልጠፉም። "ካርቱም ያለ ዳኛ" አሉኝ አንድ ከሰዓት፣ "ለልጅቷ ይበጃል ካለ ያገባች እናት ጋር ሊተዋት ይችላል ይባላል። አባትየው ሊልካት ያሰበው እዚያው አገር ነው፤ አየህ ነገሩን? እኔ ግን የተቀመጥኩት እዚህ ነው፣ በተማርኩት መጽሐፍ።" ከዚያ ዞረው፣ "ግን ይቺ ሴት ማዶ ያለውን ለምን አልመረጠችም? እዚያ አትወድቅም ነበር" አሉ።

ለሁለተኛ ጊዜ ተጠየቅኩ። እኔ ምን አደረግኩ? የብዕሬን ክዳን እፈልግ ጀመር። ክዳኑ አፌ ውስጥ ነበር።

ፍርዱ ለአባት ሆነ። ሼሁ ሙዘሚልን ለብቻው አስቀርተው፣ "ልጄ፣ ፍርዱ ያንተ ነው። እኔ ደግሞ እንደ አባት ልለምንህ፤ ሶዶ ትደግ፣ በገበያ ቀን እናቷ ትያት" አሉት። ሙዘሚል ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሺ አለና ቃሉን አንድ ዓመት ጠበቀ። ከዚያ እህቱ መጥታ ወሰደቻት። ታደለች ሸኝታ ስትመለስ ቢሮዬ በር ላይ አገኘኋት። "እንግዲህ እሺ ብያለሁ፤ ምን አደርጋለሁ" አለችኝ በወላይትኛ። የነገርኳትን ቃል መለሰችልኝ።

ከዚያ መዝገብ በኋላ ሼህ ከድር አዲስ ልማድ አመጡ። አስተርጉሜ ስጨርስ ባለጉዳዩን፣ "የተጠየቅከውን በራስህ አፍ መልሰህ ንገረኝ" ይሉታል፤ እሱን ደግሞ የሚያስተረጉሙት በር ላይ ባለው ዘበኛ ነው። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ችሎቱ አልታጠፈም፣ ሃላሌም አልተመለስኩም። ሼሁ አርጅተው ወደ ስልጤ ሄዱ፤ እዚያው አረፉ። ለቅሶ ደርሼ፣ በልቼ፣ ሳልነግራቸው የቀረውን ነገር ይዤው ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ሰው ቢያይ የከበደኝ ንፍሮው ይመስለዋል።

ሰሚራ ካርቱም አደገች። ሙዘሚል ቁጥሩን ሰጥቶ ታደለች በወር አንዴ ሶዶ ቴሌ ቤት መጥታ እንድትደውል አደረገ። የመጀመሪያው ዓመት በወላይትኛ አወሩ። ቀስ በቀስ ልጅቷ ወላይትኛውን ረሳችው፤ ሰላምታና የምግብ ስም ብቻ ቀራት። አማርኛዋ በአክስቷ ቤት ዳነ፣ ያውም ዐረብኛ ለብሶ፤ "እርስዎ" የሚባል አልተረፈለትም። የታደለች አማርኛ ደግሞ ለልጅ ናፍቆት የሚበቃ አይደለም። አንድ ቀን ቢሮ መጣችና "እርስዎ ሁለቱንም ያውቃሉ፤ በዚያ ላይ አምንዎታለሁ" አለችኝ።

አምንዎታለሁ አለች!

እናም ለዓመታት በዚያች ጠባብ የስልክ ሳጥን ውስጥ ከታደለች ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቄ፣ እጀታውን ከሁለታችን ጆሮ መሐል ይዤ አስተረጎምኩ። አሁን ደግሞ ሌላ አመል አወጣሁ፤ ማስረዘም። ታደለች "ዝናቡ ዘገየ፣ በቆሎው ደረቀ" ስትል እኔ "ልጄ፣ ሌት ተቀን አስብሻለሁ፣ በቆሎውም ያለ አንቺ ደረቀ" እላለሁ። ታደለች በጥርጣሬ ታየኛለች። "እኔ ሁለት ቃል ነው ያልኩት፤ እርስዎ ምን ያህል ነው የሚያወሩት?" "አማርኛ ረጅም ቋንቋ ነው" እላታለሁ። አላፍርም።

ሰሚራ ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት፣ አንድ ቀን ድምፅዋ ተለውጦ ጠበቀን።

"እንዲህ ብለህ ጠይቃት" አለችኝ። "አባቴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ወረቀቱን አሳየኝ። የጣት አሻራዋ አለበት። ሌላ ፍርድ ቤት መሄድ እየቻለች በሸሪዓው ይሁንልኝ ብላ ፈርማለች። ለምን ሰጠችኝ? ይህን ብቻ ጠይቃት። ደግሞ እንዳለ ተርጉመው።"

ታደለች "ምን አለች?" አለችኝ።

ማሳጠር ይቻል ነበር። "ደህና ነኝ ትላለች" ብል ያልቃል። በመስተዋቱ ማዶ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፅ የለውም፣ ዓለም ሁሉ ውሃ ውስጥ የገባ መሰለኝ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሼህ ከድርን ዝምታ አወቅኩት። ሁለተኛውን ቃሌን ሲጠብቁ የኖሩ መሰለኝ።

እንዳለ ተረጎምኩት። ከዚህ እስከ ገበያው።

ታደለች ግራ ገባት። "የምን ሌላ ፍርድ ቤት? እሺ በይ አሉኝ፣ እሺ አልኩ። የት እንደምሄድ ማን ነገረኝ?"

ይህንንም እንዳለ ለልጅቷ ተረጎምኩ። ከዚያ የማንም ያልሆነውን የራሴን ቃል ጨመርኩ፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በወላይትኛ። "ቃዲው ሌላ ፍርድ ቤት እንዳለ ንገራት ብለውኝ ነበር። አልነገርኳትም። እኔ ነኝ ያላልኳት። መዝገብ እንዳይጎድልብኝ ብዬ ነው።"

መስመሩ ሽሽ አለ። በረሃው የሚሰማ መሰለኝ።

"እሷ ሳታውቅ?" አለች ሰሚራ።

"ሳታውቅ።"

"አንተ እያወቅክ?"

"እያወቅኩ።"

ታደለች ከኔ መራቅ ፈለገች፤ ሳጥኑ ግን አያፈናፍንም። እስከዚያ ቀን በወላይትኛ "እርስዎ" ነበርኩ። "አንተ" አለችኝ። "አሁን የምለውን ንገራት። አንድ ቃል እንዳትዘል፣ አንድ ቃል እንዳትጨምር።"

"እሺ" አልኩ።

"ምላስህ እንደ ሁምቦ መሬት ይሰንጠቅ።"

"ምላስህ እንደ ሁምቦ መሬት ይሰንጠቅ ትለኛለች" አልኩ በእጀታው።

"ማህተምህ ይድረቅ። የጓሮህን ቦይና ከነሥሩ ጃርት ይቆፍረው። ጥርስህ ረግፎ ያን ቀን የተጠበሰ በቆሎ ያምርህ።"

ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎምኩ። ከጥርሶቼ ሁለቱ ቀድመው መርገፋቸውን አልጨመርኩም፤ ያልተባለ አልጨምርም። ታደለች እያለቀሰች ቀጠለች፤ ዓይኔን፣ ጉልበቴን፣ የምዘምርበትን ጉሮሮዬን። እኔም ልክ ስለ ሌላ ሰው እንደሚነገር መዝገብ፣ ሳላሳጥር ሳላስረዝም፣ ርግማኔን በሥርዓት ወደ ካርቱም ላክሁት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ንጹሕ ትርጉም ሠርቼ አላውቅም።

እጀታው ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ታደለች ደነገጠች።

"ምን ሆነች? አለቀሰች?"

ጆሮዬን አስጠጋሁ። "አይደለም" አልኳት። "ትስቃለች።"

ታደለች በሻርፕዋ አፍንጫዋን ጠረገች። እሷም ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ለሳቅ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።

"በየትኛው ነው የሳቀችው?" አለችኝ።

"በጥርሱ።"

"ድገምላት።"

ደገምኩላት።